ዘይቷን አትንካ

አባቴ የጠየቀኝ የጂፓችንን ሞተር እንዳድስ ብቻ ነበር። ዘይቷን አትንካ ብሎኛል፤ አልሰማሁም ልል አልችልም።

ጂፗ በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር። በገበያ ቀን ከደባርቅ ዳባት ሰውና እህል ታመላልሳለች፤ ቤታችን የሚበላው ከእሷ ነው። በቆመችበት ሁሉ ጥቁር ዘይት ስለምታንጠባጥብ የሰፈሩ ሰው “ሽንታሟ” ይላት ነበር። ጎንደር ጋራዥ ሦስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ግን ጉልበቷም አልቆ ነበር። ዳገት የምትወጣው ተሳፋሪ አውርዳ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አውርደን ግቢያችን ውስጥ ፈታታነው።

ጊዜው ጦርነቱ ወደ እኛ የቀረበበት ነው። አብዮቱ ደህና መኪና ይወድ ነበር። ደህና መኪና ያለው ሰው ራሱ እየነዳ ለግንባር ስንቅ እንዲያደርስ ይታዘዛል፤ ሊማሊሞን ከወረዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። አባቴን ሁለት ጊዜ ያዳነው ያ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው። የቀበሌ ሰዎች ለምርመራ ሲመጡ ከሥሯ የተጠራቀመውን አይተው፣ ይቺማ መንገድ ላይ ትገትረናለች ብለው ያልፏታል።

“ሞተሩን አድስልኝ፣ ዳገት ትውጣልኝ” አለኝ። “ዘይቱን ግን ተወው፣ ይንጠብጠብ። እኔን ያቆየኝ እሱ ነው።”

እሺ አልኩት፤ ከልቤም ነበር። ግን የፒስተኑን ፋሻ ለውጬ፣ ፒስተኑን መልሼ፣ ሁሉን አጥቤ ሳበቃ ያ የሚያፈሰው ቦታ አላስችል አለኝ። ጎንደር የሠራ መካኒክ እያወቀ የሚያፈስ ሞተር ይገጥማል? በሁለቱ ብረቶች መሀል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከማኅደር ካርቶን ቆረጥኩ፣ ብረቱን አስተካክዬ ሞረድኩ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። በማግስቱ ጂፗ ያደረችበት መሬት ደረቅ ነበር። ተኩራራሁ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። ቀና ብሎ ቡሎኖቹን አላላልኝ አለኝ። ነገ አልኩት። በማግስቱም ነገ አልኩት። ሲሰለቸው የተቃጠለ ዘይት በጣሳ ይዞ ከሥሯ ገባና ሆዷን ቀባባው፣ መሬቱንም አጠጣው። የስልሳ ዓመት ሰው በጀርባው ተኝቶ መኪና ሲቀባ አይቼ ሳቅኩ። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በዚያው ሳምንት አንድ ወታደር መካኒክ አስከትሎ መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ወታደሩ የጂፗን ሆድ በጨርቅ ጠርጎ ሞተሩን አስነሳና ጠበቀ። ጠብ ያለ ነገር የለም። አባቴ ተስፋ አልቆረጠም፤ የምታፈሰው መንገድ ላይ ስትሞቅ ነው፣ ሊማሊሞ መሀል ዘይት አልቆባት ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፣ ስንቁም ሜዳ ላይ ይቀራል እያለ ለመነ። ወታደሩ መሬቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ አመነታ።

“ሥራው እንኳ የደባርቅ አይመስልም፤ አስመራ የተሠራች ነው የምትመስለው” አለ ለሊቀመንበሩ። “ግን አሮጌ ናት። ባለቤቷ ታፈሳለች ካለ እኔ ኃላፊነት አልወስድም።”

የእጄን ሥራ ለአስመራ ሲሰጥብኝ ደሜ ፈላ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

“እኔ ነኝ የሠራኋት” አልኩ። “ጠብ አትልም።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እጅህ ይባረክ አለኝ። አባቴ ቀና ብሎም አላየኝ። ስህተቴ የገባኝ እናቴ በሩን ለቅቃ ወደ ቤት ስትገባ ነው።

እኔ ልንዳ ብዬ ቀበሌ ድረስ ሄጄ ለመንኩ። እንዲህ ያለ መካኒክ እዚሁ ይፈለጋል ተባልኩና ደባርቅ ቀርቼ የጦሩን መኪና ስጠግን ከረምኩ። አባቴ የዱቄት ጆንያ ጭኖ ሊማሊሞን ወረደ። ሲሄድ ክረምት ሳይገባ የጓዳውን ጣሪያ እንዳስመታ ነገረኝ። ስለ መኪናዋ ምንም አላለኝም።

በሁለተኛው ወር ከአዲ አርቃይ የተመለሰ ሾፌር መሞቱን ነገረን። አስከሬን ስላልመጣ የተቀመጥነው ለለቅሶ ብቻ ነው። ከዳባት የመጣች ዘመዳችን ደረቷን እየመታች፣ ምነው ያቺ ሽንታም ታፈሳለች ብሎ ቢያመካኝ ኖሮ፣ ድሮም ይተውት አልነበረም ወይ አለች። ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ አሁን ታወጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

“ብሎ ነበር” አለች። “የሚያምነው አጣ እንጂ።”

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ለሰው አላወራችውም፣ ለእኔም አንድ ቀን አላነሳችብኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።