ዘይነባ የዛፍ ስም ነው

ከኮምቦልቻ በተነሳሁበት ምሽት፣ መግሪብ ሰግደን እንዳበቃን፣ እናቴ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ዱዓ አደረገችልኝ። ሴት ከሆነች ዘይነባ በያት፣ አንቺን ሰው አገር ከወሰደብኝ እሷን በስም እንኳ ልያዛት አለችኝ። ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል፣ እኔ አሚን እላለሁ፤ እንዲሁ እንዳለሁ ወጣሁ።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስገባ መጀመሪያ የተወሰደብኝ የራሴው ስም ነው። ዕቃ በማሽግበት የግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ “መሐመድ!” እያሉ ይጠሩኛል። አላህ ይዘንለትና፣ አባቴ ካልመለሰላቸው እኔ ምን ላድርግ?

ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ የተከራየነው ቤት ጓሮው ውስጥ አንድ ግዙፍ ዛፍ አለ፤ ግንዱ እንደ ተላጠ ባሕር ዛፍ ልስልስ ያለ። አከራያችን ሚስተር ቦግዳን የሚባሉ ቡልጋሪያዊ ሽማግሌ ናቸው። በገባን ሰሞን ጓሮ ጠርተው “ቡክ” ይሉኛል። ሃይማኖታቸውን ሊሰብኩኝ መስሎኝ፣ በትሕትና፣ “ኖ ታንክ ዩ፣ እኛ የራሳችን ኪታብ አለን” አልኳቸው። ግንዱን በጡጫ እየደበደቡ “ቡክ፣ ቡክ” ሲሉ ነው በአገራቸው የዛፉ ስም መሆኑ የገባኝ።

ልጄ ዘይነባ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቋንቋ ትምህርት ስትይዝ ይህንኑ ቡክ ለፔፐሯ መረጠችው። ከሽማግሌው ጋር ተቀምጣ ስትጠይቃቸው እኔም ልብስ እያሰጣሁ እሰማለሁ። ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ የእነ ሚስተር ቦግዳን ወገኖች የስላቮች የጥንት አገር ይህ ዛፍ አይበቅልበትም ነበር። ተሰደው ሲሄዱ አገኙት፤ ለእሱ ስም ስላልነበራቸው ከጀርመን ጎረቤቶቻቸው ተዋሱ። ከሩሲያ እስከ ቡልጋሪያ ዛሬም ቡክ ነው። እኛ እንኳ ባሕር ተሻግሮ ለመጣብን ዛፍ ባሕር ዛፍ ብለነው አረፍን፤ ስምህ ማነው ያለውም የለ።

“የልጅ ልጄ ምን እንደሚለው ታውቂያለሽ?” አሉኝ ሚስተር ቦግዳን ወደ እኔ ዞረው። “ትሪ፤ ዛፍ ብቻ።”

ልስቅ ብዬ ተውኩት።

ፔፐሩን ጨርሳ ስታሳየኝ፣ ከላይ የጸሐፊዋ ስም “ዚ” ይላል።

“ይቺ ደግሞ ማናት?” አልኳት።

“ማም፣ ኤቭሪባዲ ዚ ነው የሚለኝ። ኢዚየር ነው።”

“ለሰው ዛፍ ስም ሥር ስትምሺ ከረምሽ። ያንቺም እኮ የዛፍ ስም ነው። ዐረቦች ሽታው የሚያውደውን ዛፍ ዘይነብ ይሉታል፤ አባቴ ነው የነገረኝ።”

“ሪሊ? ፔፐሩ ላይ አድ ላድርገው?”

አድ አደረገችው። ከላይ ያለውን ግን አልነካችውም።

በጁምዓው አገር ቤት ደወልኩ። እናቴ እንደ ልማዷ ልጄን ስጪኝ አለች፤ ሰጠኋት። “ሃይ አያቴ፣ ዚ ነኝ” አለች የኔዋ፣ ጥቂት ሳቀች፣ ከዚያ ስልኩን መልሳልኝ ክፍሏ ገባች።

“የማንን ልጅ ነው የሰጠሽኝ?” አለች እናቴ። “ዘይነባ የለችም እንዴ?”

“የለችም እማ።”

“መቼ ትመለሳለች?”

እናቴን ዋሽቻት አላውቅም። “አላህ ያውቃል” አልኳት።