ሂርሲን ዘለልከው

ጎህ ሳይቀድ ከደምበል ጦር ሰፈራችን እንድንወጣ ታዘዝን። ሥራችን መንገዱን ከጠላት ጠርገን ለጅጅጋ መኪኖች መክፈት ነበር። ዛሬ እናንተ በሚኒባስ ዘፈን እየሰማችሁ የምታልፉበትን መንገድ ማለቴ ነው።

ከጎኔ የሚሄደው አብዲ የቀብሪበያ ልጅ ነው። ሶማሌ ማንነቱን ሲጠየቅ አባቶቹን ወደ ላይ ይቆጥራል፤ አብቲርሲ ይሉታል። አብዲም ጉዞ ሲረዝም የራሱን አባቶች ያስቆጥረኛል። እኔ የጎጃሙ ሰው ከአያቴ በላይ የራሴን አላውቅም፣ የእሱን ግን ሸምድጃለሁ! ስሳሳት «ዋርያ! ሰው ዘለልክ!» ብሎ ይቆጣል። ከልቡ ነው የሚቆጣው።

ረፋድ ላይ ደፈጣ ውስጥ ገባን። መሬት ያዝን። ተኮስን። በግራችን ፈንጂ ፈነዳ። ተኩሱ ሲያባራ አብዲን ግራር ሥር ወድቆ አገኘሁት። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ይተነፍሳል፣ ደም አይታይበትም። ብጠራው፣ ብነቀንቀው መልስ የለም።

ሐኪማችን ዓይኑን በባትሪ አየ፣ ቆነጠጠው። «ነፍሱ አለች፤ ራሱን ግን አያውቅም» አለኝ።

ወደ ጅጅጋ ሆስፒታል የምትሄደው መኪና የቀራት የአንድ ቃሬዛ ቦታ ነው። እግሩን የተመታው ተስፋዬ ያቃስታል። አዛዣችን ሻምበል «ራሱን የሚያውቀው ይጫን» አለ። ልክ ነበር፤ የኔ አንጀት ግን እምቢ አለ።

ምን ላድርግ? ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። «አብዲ፣ ወርሰሜ፣ ጉሌድ፣ ሮብሌ...» ጉሮሮው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ደንግጬ ከመጀመሪያው ደገምኩት፤ ለካ ሁለቴም አንድ ሰው ዘልያለሁ።

«ሂርሲ» አለ። «ሂርሲን... ዘለልከው።»

«ሻምበል! ራሱን ያውቃል! ከእኔ የበለጠ ያውቃል!» ብዬ ጮህኩ።

ተስፋዬ ሰምቷል። «የኔ እግር ነው፣ ይጠብቃል። እሱን ጫኑት» አለ። እግዜር ይስጠው! ከሰዓት በኋላ በሌላ መኪና ተከተለ፤ ዛሬም እያነከሰ ይሄዳል።

አብዲ አገግሞ ሆስፒታል ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ሁሉንም እሰማ ነበር። ሐኪሙ ራሱን አያውቅም ሲልም ሰምቻለሁ። እጄን ተነስ እለዋለሁ፣ አይታዘዘኝም። ኋላ እኔም ተጠራጠርኩ፤ ከሞትኩ ይህን የሚያስበው ማነው? አልኩ። መኖሬን ለማረጋገጥ አባቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። አንተ መጥተህ አበላሸህብኝ! ወላሂ፣ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ስናደድ ግን እኔው መሆኔን አወቅሁ።»

የዚያን ቀን ሁለት ጓዶች ቀበርን፤ ግርማንና ሐሰንን። እነሱንም ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ጠርቻቸው ነበር። አልመለሱልኝም። እስካሁን ያመኛል።

ሰው ውስጡ መኖር አለመኖሩን ከውጭ ሆኖ መፍረድ ከባድ ነው። ዛሬ ራሱን ስቶ የተኛ ሰው ስጠይቅ፣ አልጋው አጠገብ ስለ ቀብር የሚያወራ ካለ አስወጣለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ በሽተኛውን በስሙ እጠራዋለሁ። የአባቱን ስም ሆን ብዬ አሳስቼ፣ እስኪቆጣኝ እጠብቃለሁ።