ደሙን ያጠበችው እሷ ናት

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ አንድ አልጋ ቤት ውስጥ እኔና ጓደኛዬ አንሶላ እንቀይራለን፣ ወለል እንወለውላለን፤ የምንተኛውም አንድ ፍራሽ ላይ ነው። እኔ አሥረኛ ጨርሻለሁ፣ እሷ ስሟን እንኳ በቅጡ አትጽፍም። ሰው ሁሉ የሚጠራው ግን እሷን ነው።

ከሰንበቴ የመጣ የከብት ነጋዴ ሁላችንም በምንሰግድባት የጓሮ ክፍል ተወግቶ የተገኘበት ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ ሬሳውን አስነስቶ ሲያበቃ እኔን አልፎ እሷን አያት።

«ነይማ እህቴ፣ ይቺን ደም ጥርግ አድርጊያት። አልረሳሽም።»

አልረሳሽም! ውኃውን የቀዳሁት እኔ፣ «እህቴ» የተባለችው እሷ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪ ከደሴ መጣ። ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ደሙን ያጠበችው ልጅቷ ናት። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን ልትሰግድ ነጃሳ ነው፣ ያረክሳል ብላ ሳንደርስ አጠበችው» አለ። ማን ይጠራጠረዋል? ደም ባለበት የሚሰግድ የለም። ወጊው የኃላፊው የሚስቱ ወንድም መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው። ያን ቀን ማስረጃ አጥፍታለች ብለው እሷን አሰሯት።

በነጋታው ምሳ ይዤላት ስሄድ ጣቢያው በር ላይ ያሉት ሴቶች፣ «ያ ረቢ! ለዲኗ፣ ለሃይማኖቷ ብላ!» እያሉ ያለቅሱላታል። ታስራም የምትወደሰው እሷ!

«ሰሞኑን ሶላት የለሽም አይደል? ንገሪያቸዋ!» አልኳት በፍርግርጉ።

«ለወንድ? ወላሂ ሞቼ እገኛለሁ!» ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «አንቺ ሐያእ፣ ሀፍረት የለሽም?»

«የለኝም!»

ቀጥ ብዬ መርማሪው ዘንድ ገባሁ። «የወር አበባዋ ላይ ናት፤ በእሱ ጊዜ አይሰገድም። የማትሰግድ ሴት ለሶላት ብላ ወለል አታጥብም። እጠቢ ያላት ኃላፊው ነው፤ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ጥሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ፊቱን ሳይመልስ አንዲት ሴት ፖሊስ ጠርቶ እንድታጣራ እሷ ዘንድ ላካት።

በማግስቱ ተፈታች። የኃላፊው ሚስት ወንድም ተያዘ፤ ኃላፊው ራሱ ግን ሌላ ወረዳ ተዛወረ፣ በቃ። የሰፈሩ ሴቶች መጥተው እያገላበጡ ሳሟት። እኔን አንዷ፣ «አንቺ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ አፍሽ መዝጊያ የለውም!» አለችኝ።

እሷም ከእቅፋቸው መሀል ቀና ብላ፣ «መጀመሪያውኑ ለሴቷ ፖሊስ ብትነግሪያት ምን ነበረበት?» አትለኝም!

እውነቷን ነው፤ ለእኔ አልመጣልኝም። ይሄም ሐሳብ ለእሷ መጣላት።