አመድማው ካሞሽ

ካሞሽ የለበሰ የመኪና ወንበር ላይ አልቀመጥም። ባለፈው የእህቴ ልጅ አዲሷን መኪናውን ሊያሳየኝ ደጄ ድረስ አምጥቶ፣ «እቴቴ፣ ግቢ እንጂ! ይሄ እኮ ከቆዳ ይበልጣል። ሙቀት አይዝም፣ አያንሸራትትም» ሲለኝ በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ እውነቱን ነው፤ ሙቀት አይዝም። ያንን ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ካሞሽ ማለት ጫማ ብቻ በሚመስለን ዘመን፣ ያንን የሐሰት ካሞሽ በጣቴ ዳብሼዋለሁ። ያመጣብንንም አይቻለሁ።

አባቴ ቆዳ ሠሪ ነበሩ። ጎንደር ሳሉ «ፋቂ» ይሏቸው ነበር። ሠርግ ቤት ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ጠላ ሲቀዳላቸው የተሰነጠቀ ጣሳ ተፈልጎ ነው። የሠሩትን ኮርቻ ግን ሁሉም ይቀመጥበታል። ይሄ ሲያንገፈግፋቸው እኛን ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። ቆላ ሁሉም መጤ ነው፤ የጎጃሙም፣ የወሎውም፣ ከገላባት ማዶ የሚመላለሰው ነጋዴም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚቆጥር የለም ብለው አሰቡ። መተማ ኬላው አጠገብ ከቤታችን ደጅ ካለ አንድ የኒም ዛፍ ሥር የስፌት መኪናቸውን ተክለው የጭነት መኪና ወንበር ማልበስ ጀመሩ።

ከአብዮቱ በፊት አብደራፊ በኩል ሰፊ የሰሊጥ እርሻ የነበረው አንድ ሀብታም፣ ከአስመራ ቀይ የስፖርት መኪና ገዝቶ ነበር። በዚያ አፈርና ድንጋይ መንገድ ምን ሊሠራባት እንዳሰበ እንጃ። ባለ ሁለት በር ናት፣ ሆዷ መሬት ሊስም ትንሽ ነው የቀረው። ክረምቱን ቆማ ትከርምና መንገዱ ሲደርቅ አቧራውን እያስነሳች ትከንፋለች። ወንበሮቿ ተቀዳደው ስለነበር አባቴ የጥጃ ቆዳ ራሳቸው አልፍተው፣ በግራር ቅርፊት አቅልመው አለበሷት። ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሥራውን ሲጨርሱ ወንበሩን መታ መታ አድርገው፣ «እኔ ሞቼ ይሄ ይኖራል» ሲሉ ትዝ ይለኛል።

መሬቱ ሲወረስ ባለቤቱ ወደ ሱዳን ተሻገረ። መኪናዋ የመንግሥት ሆነች። የመንግሥት ሆነች ማለት በከተማው ካሉት ሹሞች አንዱ ይነዳት ጀመር ማለት ነው። እኔ በዚያ ጊዜ የጤና ረዳት ሆኜ በከተማዋ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ቤት ስመጣ መኪናዋ ከኒሙ ሥር ቆማለች። ሹሙ ኬላ ላይ የተወረሰ የኮንትሮባንድ ጥቅል ጨርቅ ይዞ መጥቷል። አመድማ ነው። ጣቴን ሳሳልፍበት መንገድ ያወጣል፣ መልሼ ስዳብሰው መንገዱ ይጠፋል። እንደ ኮክ ልጣጭ ለስላሳ ነው። ካሞሽ መስሎኝ ገልብጬ ሳየው ጀርባው ጨርቅ ነው፤ ቆዳ የሚባል ነገር አልነካውም።

«አንተ ሽማግሌ» አላቸው አባቴን። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። «ይሄን ቆዳ ገሽልጥና በዚህ ቀይርልኝ። ፀሐይ ሲመታው ቂጤን ይጠብሰኛል። ደግሞ የፊውዳል ሽታ አለው።»

ስለ ጥብሱ አልዋሸም። ሚያዝያ ላይ መተማ ፀሐይ የዋለበት ቆዳ ላይ መቀመጥ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። አባቴም ይሄን አልካዱም።

«ይሁን ጌታየ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት...»

«ጌታየ ቀርቷል። ጓድ በል።»

«ይሁን ጓድ። ቆዳ የነካውን ሲጠርጉት ይለቃል። ይሄ የጠጣውን አይመልስም። ዘይት ቢነካው፣ ደም ቢነካው፣ እዚያው ቀረ።»

«እኔ መኪና ላይ ምን ደም አመጣው?» ብሎ ሳቀ። «የገሸለጥከውን ለውሻ ስጠው።»

አባቴ የገዛ እጃቸውን ስፌት በምላጭ ሲፈቱ ዋሉ። ምሳ አልበሉም። እኔ በንዴት ስንቆራጠጥ፣ «ሥራ ነው ልጀ» አሉኝ። ቆዳውን ለውሻ አልሰጡትም፤ ሞራ ቀብተው ጠቅልለው ከአልጋ ሥር አኖሩት።

ሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ከተማዋን ሞላት። ጤና ጣቢያው በወባ በሚንቀጠቀጥ ሰው ተጨናነቀ። የጣቢያው ኃላፊ ያለንን አንዷን ላንድሮቨር ይዞ ለስብሰባ ጎንደር ሄዷል። ያኔ ነው አንድ ቀን ጠዋት አራት የጎጃም ሰዎች በቃሬዛ አንዲት ሴት ይዘው የመጡት። ከባሏ ጋር ለአጨዳ ወርዳ ለሠራተኛው ወጥ የምትሠራ ልጅ እግር ናት። እርሻው ላይ ከዳሱ ውስጥ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወርድ ብሏል። ሕፃኗን ባሏ በጋቢው አቅፏታል፤ ደህና ናት። እናቲቱ ግን ደሟ ቃሬዛውን አልፎ የተሸካሚዎቹን እግር ያርሳል።

ያለኝን መርፌ ወጋኋት። ግሉኮስ ሰቀልኩላት። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ደም የሚሰጣትም የእንግዴ ልጁን የሚያወጣላትም ሐኪም ያለው ጎንደር ነው። ያን ቀን በከተማዋ ለመሄድ ዝግጁ የነበረች መኪና አንዲት ናት።

ሮጥኩ። ሹሙ ከቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ ሰው ያናግራል። መኪናዋ ታጥባ ጥላ ሥር ቆማለች።

«ጓድ፣ የምትሞት ወላድ አለችብኝ። ጎንደር ያድርሷት።»

«ይሄ መኪና አምቡላንስ ነው እንዴ?»

«ሌላ መኪና የለም ጓድ።»

«ይቺን ነው የምትይው? በዚያ አቀበት ይቺ መኪና አትወጣም።»

«ባለፈው ሳምንት ለሠርግ ጎንደር ሄደውባት የለም ወይ!»

ፊቱ ተለወጠ። እኔም ማጎንበስ እንዳለብኝ ገባኝና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ላስቲክ አነጥፋለሁ። ብርድ ልብስ እደርብበታለሁ። እኔም አብሬ ሄጄ እይዛታለሁ። ጠብ አይልም።»

ወደ መኪናዋ ሄዶ በሩን ከፈተና ወንበሩን በእጁ ዳበሰው። ያቺን እጁን እስከ ዛሬ አያታለሁ። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው ነው የዳበሰው። ከዚያ ዞሮ፣ «ደም ከዚህ አይለቅም ያለኝ የገዛ አባትሽ ነው። ሂጂ፣ የጭነት መኪና ፈልጊ» አለኝ።

አባቴ እውነቱን መናገራቸው ወንጀል ይመስል፣ ያን ቃላቸውን አንስቶ አንዲት ሴት ላይ በር ዘጋበት።

ኬላው ጋ ሰሊጥ ጭኖ ፍተሻ የሚጠብቅ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ወደ ጭነቱ እያየ ራሱን አከከ። «እህቴ፣ ይሄ ለውጭ የሚላክ ሰሊጥ ነው። ደም ከነካው እኔን ነው የሚያስሩኝ። ጋቢናው ደግሞ አያስተኛትም።» ይህን ሲል አባቴ ከኒሙ ሥር ሰምተዋል። ቤት ገብተው ያንን የጥጃ ቆዳ ተሸክመው ወጡ፣ ጎማው ላይ ረግጠው ጭነቱ ላይ ወጡና ጆንያው ላይ አነጠፉት። ጠርዙን በእጃቸው እያጠፉ፣ ደም እንዳይወርድ እንደ ገበቴ አደረጉት። «አምጧት» አሉ።

ፈታሾቹ ግን ጆንያ እየወጉ በዝግታ ይፈትሹ ነበር። ለመንኳቸው። «ሥርዓት ነው» አሉኝ። ሹሙ አንድ ቃል ቢናገር ያሳልፉን ነበር። ቢሮው ከዚያ ይታያል።

ስንነሳ ቀትር አልፏል። እኔ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ባሏ በነጠላ እያጠላላት፣ ሕፃኗ እየጮኸች። ሸህዲን ስናልፍ፣ «አንች እኅቴ፣ ውሃው ሽቅብ ነው የሚፈሰው?» አለችኝ እናቲቱ። ምን እንደታያት አላውቅም። ወደ አይከል የሚያወጣው አቀበት ላይ መኪናው ማቃሰት ሲጀምር እጄን ጨበጠች፣ ከዚያ ለቀቀችው። ባሏ አላወቀም። አቀበቱን እስክንጨርስ ድረስ ነጠላውን እንደዘረጋ ነበር። እኔም መንገር አቃተኝ።

አይከል ቀበርናት። የማታውቀው አገር ላይ የማያውቋት ሰዎች አለቀሱላት። ባሏ ሕፃኗን ይዞ በዚያው ወደ አገሩ ሄደ። እኔ በተመላሽ መኪና ቆዳውን ጠቅልዬ መተማ ገባሁ። አባቴ ተቀብለውኝ በውሃና በአመድ አጥበው አጥሩ ላይ አሰጡት። ለቀቀ።

በዚያው ሰሞን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። አባቴ ለምነውኝ ነበር። «ዝም በይ ልጀ። ሰው ገዳይ መሆኑን ያውቃል፤ አንች ብትነግሪው ምን ይጨምርለታል?» አሉኝ። እኔ ግን ሳልተኛ የሰነበትኩ ሰው ነኝ። እጄን አወጣሁና ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፦ ደሙን፣ ልመናዬን፣ ወንበሩን። «ለሰፊው ሕዝብ ቆመናል ትሉናላችሁ፤ ሰፊው ሕዝብ ወንበር እንዳያቆሽሽባችሁ ስትሉ ግን ገደላችኋት» አልኩ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ ሹሙ ዞረ። ሹሙ አልተቆጣም። ስለ ንዑስ ከበርቴ ስሜታዊነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስለ መንግሥት ንብረት አጠባበቅ ተናገረ። ሊጨርስ ሲል ቀስ ብሎ፣ «ለነገሩ የፋቂ ልጅ ከቆዳ ሌላ ምን ይታያታል» አለ።

ሳቁ። ከእሱ ንግግር ይበልጥ ደሜን የሚያፈላው ያ ሳቅ ነው። ሰውን በሙያው መስደብ ቀርቷል ተብሎ መፈክር በተሰቀለበት አዳራሽ ውስጥ፣ አባቴ የመኪና ወንበር ያለበሱላቸው፣ እኔ ልጆቻቸውን ከወባ ያዳንኩላቸው ሰዎች ሳቁ። የሸሸነው ቃል ከእኛ ቀድሞ ቆላ ወርዶ ሲጠብቀን ኖሯል።

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አጥሩ ላይ የተሰጣውን ቆዳ አነሱ። «የመንግሥት ንብረት ሰርቀህ ደብቀሃል» ብለው አባቴንም አብረው ወሰዷቸው። «ለውሻ ስጠው ብሎኝ ነበር» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? ሰሊጡ አልቆ ሠራተኛው ወደ ደጋ እስኪመለስ ድረስ በቀበሌው እስር ቤት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆዩ። በዚያ ሙቀት። ምግብ ሳደርስላቸው ዘበኛው ሳህኑን በእግሩ ነበር የሚገፋላቸው። እኔ ደግሞ ገለጉ ተዛውረሻል ተባልኩ፤ መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሳይገኝ በእግር የሚገባበት ቦታ። አባቴ ሲፈቱ ሳል ይዘው ወጡ። የስፌት መኪናቸውን ሸጠው እኔ ዘንድ መጡ። ከዚያ በኋላ ቆዳ በእጃቸው አልነኩም፤ የአልጋ ጠፍር እንኳ ሲበጠስብን ሰው ነበር የምንጠራው። ገለጉ ሞቱ።

ሹሙ ወደ ላይ አደገ። መተማ ላይ ሽኝት ተደርጎለት ሰው አለቀሰ ብለው ነገሩኝ። በኋላ መንግሥቱ ሲወድቅ ወደየት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሞተ የሚል አለ፣ ካርቱም ነው የሚልም አለ። የትም ይሁን። በዚያ ቀን ምን አድርጎ እንደነበር የጠየቀው ሰው የለም፤ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የነፍስ አባቴ ይህን ቂም አውጪ ይሉኛል። ባለፈው ጾም፣ «ይቅር በይው ልጄ፣ ለራስሽ ነው» አሉኝ።

«አባ፣ ይቅር በለኝ ያላለኝን ሰው እንዴት ብየ ነው ይቅር የምለው?» አልኳቸው። «ደግሞስ የተበደለችው እሷ ናት። በእሷ ፈንታ ይቅር ለማለት እኔ ማን ነኝ?»

መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና፣ «እንግዲያው ለእሷ እንጸልይላት። ክርስትና ስሟን ንገሪኝ» አሉኝ።

አላውቀውም። ባሏ «አንች» እያለ ነበር የሚጠራት።