የታይስቶ ሰዓት

ታይስቶ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ፊቱ የማይፈታ የወረቀት ፋብሪካ ጡረተኛ ነው። ከቲራና ወደ ቫርካውስ የመጣሁ ሰሞን፣ በሕንፃችን የጋራ ሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያው፣ ለየቤቱ ሰዓት እንደተመደበ ሳላውቅ ዓርብ ማታ ገብቼ አገኘኝ።

«ውጣ! ሰዓቱ የኔ ነው!» ብሎ ፎጣ ብቻ እንዳገለደምኩ ወደ ኮሪደር አስወጣኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት «እንደምን አደሩ» ስለው፣ ግድግዳ ያናገርኩ ይመስል ዝም! ደረቅ ሽማግሌ!

በኋላ ከእሱ በፊት ያለው ሰዓት ለእኔ ደረሰኝ። ባለፈው ዓርብ አንድ አዲስ የገባ ኔፓላዊ ጎረቤት በሰዓቴ የሳውናውን በር ከፍቶ ፈገግ አለልኝ።

«ምን ያስቅሃል? ሰዓቱ የኔ ነው፤ ውጣ!» ብዬ ጮህኩበት።

ሰውዬው ደንግጦ ወጣ። ታይስቶ ተራውን እየጠበቀ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

«እንደምን አመሸህ፣ ጎረቤቴ» አለኝ።