የቀይዋ መጋዝ መንጠቆ

ሰቆጣ ውስጥ የሞተር መጋዝ የተበላሸበት ሰው ወዴት ልሂድ ብሎ አይጠይቅም፤ ወደ ምሳው ነው የሚሄደው። የምሳው ሱቅ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። እኔ ሐሊሜ እባላለሁ፤ ገመድ፣ ምስማር፣ ላስቲክና የሞተር ዘይት እሸጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ለበር ስንተያይ ኖረናል። ስለዚህ ስለሱ የማወራውን አብዛኛውን ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። አንዳንዱን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር፤ አንዴ ካየሁት ግን ምን አደርገዋለሁ።

አባቱ የደሃና ወረዳ ቄስ ነበሩ። እሱንም ለክህነት አስበው ዳዊት እስኪደግም አስተምረውት ነበር። ልጅ እግር ሳለ ግን በአገሩ የዛፍ ተከላ ፕሮጀክት ተከፈተና ችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ሆኖ ገባ፤ በዚያው ቀረ። መጋዝ መያዝ ያስተማረው እዚያ የነበረ አንድ የደን ባለሙያ ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋና ንብረቱ ሲከፋፈል ሌላው በፍራሽና በጄሪካን ሲሻማ፣ ምሳው አንዲት ቀይ የሞተር መጋዝ ተሸክሞ ወጣ። አሮጌ ሞዴል ነች፤ ግን ምንም አልጎደላትም። ቀለሟ አልተላጠም፣ የመፍቻ ቦርሳዋ አለ፣ የመመሪያ መጽሐፏም አለ። መጽሐፉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ምሳው እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ሥዕሎቹን ግን ከነቁጥራቸው በቃሉ ይወጣቸዋል።

ከዚያ በኋላ መሰብሰብ ጀመረ። ሌላው ሰው ገንዘብ ሲያገኝ በግ ይገዛል፤ እሱ የሞተ መጋዝ ይገዛል። አንዱን ከአበርገሌ ያመጣው ዶሮዎች ሰፍረውበት አግኝቶ ነው። አንዱን በጥሩ ጋቢ ለወጠና ሚስቱ ወለተ ገብርኤል ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። አሥሩ ለመለዋወጫ ናቸው፤ ከአንዱ ፒስተን፣ ከሌላው ካርቡሬተር እየነቀለ የሰውን መጋዝ ያስነሳል። ቀይዋን ግን ማንም አይነካትም። በጦርነቱ ጊዜ ሁላችንም የምንደብቀውንና የምንሸሽበትን ስናስብ፣ እሱ ጓሮው ውስጥ ቆፍሮ ቀይዋን በላስቲክ ጠቅልሎ ቀበረ። «ጉድጓዱ ለእህሉም ይበቃ ነበር እኮ» ትላለች ወለተ ገብርኤል እስካሁን። ነገሩ ሲበርድ ቆፍሮ አወጣት፤ የማስነሻ ገመዷን ለሦስተኛ ጊዜ ሲስበው ተነሳች። ምሳው መንገድ ዳር ቆሞ አለቀሰ። እኔም ሳቅሁበት።

በሥራው ግን አይሳቅበትም። መጋዝ ሲመጣለት ቶሎ አይፈታም። መጀመሪያ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ያወጣና ያያታል፤ ጠቁራ እንደሆነ፣ ነጥታ እንደሆነ፣ ረጥባ እንደሆነ። ከዚያ ቤንዚኑን ያሸታል። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ የሞተር ዘይት አጥቶ የምግብ ዘይት ከቤንዚን ጋር ደባልቆ አመጣ። ምሳው አሸተተና «ወጡ መቼ ይደርሳል?» አለው። ሰውየው ሲምል ሲገዘት ቆይቶ አመነ።

ደረሰ የሚባለው የጋዝጊብላ ሰው የምሳው አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ምሳው ነው። ደረሰ ከመንደር መንደር እየዞረ ባሕር ዛፍ በመቁረጥ ነበር የሚኖረው። መጋዙ ቀለሙ አልቆ፣ ክዳኑ ከሌላ መጋዝ ተገጥሞለት መልኩ ጠፍቷል እንጂ፣ ከቀይዋ ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣ መንትያዋ ነው። ይህን የሚያውቀው ምሳው ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ ሥራ በቀዘቀዘ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳይቶኛል።

እንግዲህ የእነዚህ መጋዞች ፍሬን እንዲህ ነው። ከፊተኛው እጀታ ፊት አንዲት መከላከያ ቆማለች። የመጋዙ ጫፍ አጉል ነገር የነካ እንደሆነ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ይዘላል። ያኔ እጅ መከላከያዋን ይገፋታል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ሰንሰለቱም ባለበት ቀጥ ይላል። ፍሬኑ እስኪፈለግ ድረስ ወጥራ የምትይዘው ጥፍር የምታህል የብረት መንጠቆ ነች። በደረሰ መጋዝ ላይ ያቺ መንጠቆ አልቃ ነበር። ስለዚህ ፍሬኑ ያለ ምክንያት እየያዘ መጋዙን ግንድ መሐል ያስቆመዋል። ምሳው ሁለት ጊዜ ከብረት ቀጥቅጦ ሠራለት፤ ብረቱ ለስላሳ ነውና ሁለቱም ጊዜ ከሦስት ቀን አላለፈም።

በመስከረም መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ ደረሰ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ እንጨት አዝዞት ቀኑ ደርሶበታል።

«አበልጄ፣ ይህን ፍሬን ንቀልልኝ» አለ።

«ፍሬን አይነቀልም።»

«እንግዲያው ሥራልኝ።»

«መንጠቆዋ የለችም። አዲስ አበባም አስጠይቄ ነበር፤ የዚህ ዕድሜ ዕቃ የለም አሉ።»

ይህን ሲል የምሳው ዓይን ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ወደ ቀይዋ። መንጠቆዋ እሷ ውስጥ ነበረች፣ ደህና፣ ምንም ያልሆነች። ደረሰ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ስለነበር አላየም። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበርና አየሁ።

ከዚያ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ መጨቃጨቅ ጀመሩ። እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹ ያመልጠኛል። የእኔ ደንበኞች ተሰልፈዋል፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ሁለቱ ደግሞ አላባራ አሉ። ትዕግሥት የለኝም፤ ያገር ሰው ያውቀዋል። «አንተ ምሳው፣ ንቀልለትና ይሂድ። አናቴን አዞራችሁት» አልሁ።

ምሳው አየኝ። መደርደሪያውን እንዳየሁ ያወቀ ይመስለኛል። ከዚያ መፍቻውን አነሳና ፍሬኑን ከነመከላከያዋ ነቀለው። ደረሰ መጋዙን ተሸክሞ በሬ ላይ ሲያልፍ ሳቅ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ሐሊሜ፤ እርስዎ ባይኖሩ እስከ ማታ ገትሮኝ ይውል ነበር» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን የወደቀ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲመለምል የመጋዙ ጫፍ ከሥር ያለ ግንድ ነካ። መጋዙ ዘለለ። ግራ ትከሻውን አገኘው። ሰዎች በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ተሸከሙት። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትከሻው ተንጠልጥሎ የሚሄድ ነገር ሆነ። ጣቶቹን ማንቀሳቀስ አይችልም።

ምሳውን ማንም አልወቀሰውም። ደረሰ ራሱ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ለጠየቀው ሁሉ፣ «ንቀልልኝ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሱማ አይሆንም ብሎኝ ነበር» ይል ነበር። ሽማግሎችም ይህን ሰምተው ጉዳዩ በሰላም አለቀ፣ አበልጅነታቸውም እንደ ነበረ ነው አሉ። ምሳው ያን ጊዜ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ሰው ኀዘን መሰለው። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ደረሰ የሱን ጥፋት እንደ ራሱ አድርጎ ሲሸከም ዝም ብሎ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሳው ሌላ ሰው ሆነ። ቀይዋን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጣት። ፍሬን ንቀልልኝ ያለውን አንድ የአበርገሌ ሰው መጋዙን መንገድ ላይ አውጥቶ እየጣለ አባረረው። ካንዴላ ይዞ ትክ ብሎ ያያል፤ ያየውን ግን የሚያውቀው አይመስልም። «ምሳው፣ ሂድና ንገረው» ልለው ስንት ጊዜ መንገዱን ተሻገርሁ። ሱቁ ውስጥ ስገባ ግን የማወራው ስለ ዘይት ነው። ስለሱ ብጀምር ስለ ራሴም መጀመሬ ነዋ።

በጥር የደረሰ ሚስት ጸሐይነሽ መጋዙን በጆንያ አድርጋ በአህያ ጭና መጣች። እኔ ዘይት ላደርስ ገብቼ ነበር። ጸሐይነሽ ቀጭን፣ ቃል የማታበዛ ሴት ነች።

«አበልጄ፣ ሥራ ከቆመ አራት ወሩ ነው። የደረሰ ወንድም የኔሰው ልያዘው ብሏል። ፍሬኑን ይመልሱልኝ፤ ያለሱ አላስነካውም» አለች።

ምሳው ጆንያውን ፈታና መጋዙን አወጣ። የለም ይላታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሄዶ ቀይዋን ከመደርደሪያው አወረዳት። ሁለት ዳዶ ፈታ፣ ክዳኗን አነሳ፣ በፒንሳ መንጠቆዋን አወጣና የደረሰ መጋዝ ላይ ገጠማት። ፍሬኑንና መከላከያዋንም ከነበሩበት ሳጥን አውጥቶ መለሰ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና መከላከያዋን በእጁ አንጓ መታት። ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። ሥራው ሁሉ እኔ አንድ ኪሎ ምስማር መዝኜ የምጠቀልልበትን ያህል ቢፈጅ ነው።

ጸሐይነሽ የተከፈተችውን ቀይ መጋዝ አየቻት።

«ይቺ መቼ መጣች?» አለች።

«ድሮም ነበረች።»

«መስከረም ላይም?»

«ነበረች።»

«ይቺ ብረትም?»

«እሷም ነበረች፣ ጸሐይነሽ። ቀይዋን ላጎድላት አልፈለግሁም።»

አልጮኸችም። መጋዙን ራሷ ጆንያው ውስጥ አስገባች፣ አፉን ቋጠረች። ከዚያ፣ «ደረሰ በየቀኑ ‹በገዛ አፌ› ነው የሚለው። ‹በገዛ አፌ ልጆቼን አስራብሁ› እያለ እህል አይበላም፣ አይተኛም። እኔ አልነግረውም። እርስዎ ይምጡና ይንገሩት» አለችና ወጣች። ልሸኛት ብዬ ተነሳሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ተመለስሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳው ቀይዋን በጆንያ አዝሎ ወደ ጋዝጊብላ ሄደ። መኪና ነበር፤ በእግሩ ነው የሄደው። ማክሰኞ ተመለሰ። ወደ ሱቁ ሳይገባ መጥቶ እኔ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት።

«ነገርኸው?» አልሁ።

«ነገርሁት። ቀይዋን ከፍቼ መንጠቆዋ የነበረችበትንም ቦታ አሳየሁት።»

«ምን አለህ?»

«‹ምን ያህል ይፈጅ ነበር?› ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ቆይቶ ‹ጸሐይነሽ፣ ለእንግዳ ምሳ አቅርቢ› አላት። አበልጄ አላለም፣ እትዬ። ለእንግዳ ነው ያለው።»

«በላህ?»

«በላሁ። አንድ ገበታ ላይ ቀረብን። እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔና ደረሰ ሳንጎራረስ በልተን አናውቅም፤ በሳቅ እየታገልን ነው የምንጎራረሰው። የሞተው ግራ እጁ ነው። የሚያጎርሰው ቀኙ ደህና ነው። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላጎረሰኝም።» ይህን ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ቀይዋን ይዟት አልተመለሰም። የት እንዳደረጋት አልጠየቅሁትም። አሁንም መጋዝ ይጠግናል፤ ከመደርደሪያው ላይ ግን የማይነካው ዕቃ የለም፣ የተጠየቀውን መለዋወጫ ሁሉ ነቅሎ ይሰጣል።

ባለፈው የገበያ ቀን ጸሐይነሽ እኔ ሱቅ ገባች። የኔሰው እየሠራ ነው፣ ፍሬኑም ደህና ነው አለችኝ። ስለ ደረሰ ስጠይቃት፣ «‹በገዛ አፌ› ማለቱን ትቷል። እህልም ይበላል፣ ይተኛልም። የአያ ምሳውን ስም ግን አያነሳም» አለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደረሰ «ንቀልለት» ያልሁት እኔ መሆኔን ያውቃል፤ በጆሮው ሰምቶ አመስግኖኛል። መንጠቆዋ መደርደሪያው ላይ መኖሯን እያወቅሁ እንዳልሁት ግን አያውቅም። ምሳውም አልነገረብኝም፤ ሁሉን በራሱ ላይ አድርጎ ነው የመጣው። እሱ ሂድና ተናገር እስኪባል አራት ወር ቆየ ብዬ በልቤ ስፈርድበት ከርሜ ነበር።

ጸሐይነሽ እንጨት ማሰሪያ ስድስት ሜትር ገመድ ጠየቀችኝ። መንጠቆዋ መኖሯን አውቅ እንደነበር ልነግራት አሰብሁ፤ እጄ ግን ወደ ገመዱ ሄደ። ዘጠኝ ሜትር ለካሁላት።

«በዛ እኮ፣ እትዬ ሐሊሜ» አለች።

«ውሰጂው» አልኋት። የስድስቱን ሜትር ሂሳብ ብቻ ተቀበልኋት።