የሸበሑ መስኮት

መንገሻን ካይሮ ውስጥ የምናውቀው ሁሉ የምናውቀው በአንድ ነገር ነው፦ መኪና ሲነዳ የጎኑን መስኮት በጣት ስፋት ሳይከፍት አይንቀሳቀስም። ፀሐዩ ያንድድ፣ ነፋሱ አሸዋ ያምጣ፣ ግድ የለውም። ከኋላው «ነፋሱ» እያልን እንስቅበት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ አያውቅም።

የሚነዳው የሄሊዮፖሊስ አሠሪውን የመዳምን መኪና ነበር። ጥቁርና ረጅም፣ ጀርመኖች ለባለጸጋ ብለው የሠሩት፣ ካይሮዎች «ሸበሕ» የሚሉት፣ መንፈስ እንደማለት። መስታወቱ ድርብ ነው፤ በመሃሉ አየር ታምቆ የመንገዱን ጩኸት አያሳልፍም። በሩንም ማላተም ነውር ነው። ገፋ አድርገህ ከተውከው አየር የሚስብ ፓምፕ ጎትቶ ይዘጋዋል። መዳም በዚህ ጸጥታ ትኮራ ነበር፤ መንገሻ ግን ይፈራው ነበር።

ምክንያቱን የነገረኝ አንድ እሑድ አባሲያ ከቅዳሴ ስንወጣ ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ወንድሙ ሀብተ ማርያም ሲነዳ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ዝናብ ስለሚጥል መስኮቶቹ ተዘግተዋል። የኬላ ጠባቂዎች «ቁም!» ብለው ነበር አሉ። ወንድማማቾቹ አልሰሙም። መንገሻ የሰማው ጥይቱን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስቄበት አላውቅም።

ሕዝቡ ታሕሪር አደባባይን የሞላ ጊዜ ፖሊስ ከየመንገዱ ጠፋ። በየሰፈሩ ወንዶች ዱላና ቢላ ይዘው መንገድ ዘጉ፤ ሰዓት እላፊውም ገና በጠራራ ፀሐይ ይጀምር ነበር። በዚህ መሃል ሚስቱ ከፍያለች ከሰፈራቸው ከቡላቅ አል-ዳክሩር ደወለች። ልጃቸውን ሩሐማን ምጥ ይዟታል፤ ታክሲ የለም፣ የሩሐማ ባልም መንገድ ተዘግቶበት እስክንድርያ ቀርቷል። መዳም፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሸበሑን ውሰድ» አለችው።

የመኪናው ሦስት መስኮቶች ከሞቱ ቆይተዋል። ድርብ መስታወት ከባድ ነው፤ ሞተሩ ሲያረጅ አያነሳውም። መካኒኩ በእንጨት ሽብልቅ ወጥሮ ዘግቷቸው ነበር። የሚሠራው የሹፌሩ ብቻ ነው። መንገሻ ቡላቅ ደርሶ ሩሐማን ከኋላ ከእናቷ ጋር አስቀምጦ የመስኮቱን መክፈቻ ሲጫነው፣ ያም ንቅንቅ አላለም። ደጋግሞ ተጫነው።

«ምን ትጠብቃለህ? ንዳ እንጂ!» አለች ከፍያለች።

«መስኮቱ እምቢ አለኝ።»

«ኸላስ! ይበቃል! መስኮቱ ገደል ይግባ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

በሩን ከፈተው። በግራ እጁ በሩን ገርበብ አድርጎ ይዞ፣ በቀኙ መሪውን ጨብጦ መንዳት ጀመረ። ጉድጓድ ባገኛቸው ቁጥር በሩ ይጠጋና ፓምፑ ከእጁ መንጭቆ ይዘጋዋል። እሱም መልሶ ይከፍተዋል። ጀርመኖቹ ያን ሁሉ የደከሙት ሰው እንዳይሰማ ነው፤ ይህ ምስኪን ለመስማት ይታገላል። ሩሐማ በጮኸች ቁጥር «ቁም!» ያሉት እየመሰለው እግሩን ወደ ፍሬኑ ይሰዳል።

ድንገት ከጎን ጩኸት ሰማ፤ ባለበት ቀጥ አለ። ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ አንድ ጎልማሳ የአደን ጠመንጃ ደግኖ ወጣ።

«የማን መኪና ነው? ከየት ሰረቅኸው?»

መንገሻ እጁን ከመሪው አነሳ። እዚያው ካይሮ ተወልዳ ያደገችው ሩሐማ ግን በሰፈሩ አረብኛ ከኋላ ጮኸችበት፦ «ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ እየወለድኩ ነው!»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አያት። ጠመንጃውን አወረደ።

«ማሌሽ፣ ማሌሽ» አለ፣ ይቅርታ ሲል። «ባትቆም ኖሮ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ... ልተኩስ ነበር።»

ከዚያም ከመኪናው ፊት እየሮጠ እስከ ክሊኒኩ ድረስ መንገዱን አስከፈተላቸው።

ሴቶቹ ገቡ። መንገሻ መሪው ላይ ቀረ። በሩን ሳብ ሲያደርገው ቀሪውን ፓምፑ ጨረሰለት። የውጭው ጩኸት ሁሉ ጠፋ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ከፍያለች ከደጁ ብቅ አለች። እጆቿን እያወራጨች ትናገራለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ፊቷ በእንባ ርሷል። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሊለይ አልቻለም። እጁ የበሩ መክፈቻ ላይ ደርሶ ቀረ።

«ዕድሜ ልኬን ለመስማት ስጨነቅ ኖሬ» አለኝ በኋላ፣ «ያን ጊዜ ግን እንዳልሰማ አምላኬን ለመንኩት።»

በሩን መጥታ የከፈተችው ከፍያለች ናት።

«አትሰማም እንዴ አንተ ሰውዬ! አያት ሆነሃል እኮ!»

ከኋላዋ፣ ከክሊኒኩ መስኮት፣ የሕፃን ልቅሶ ይመጣ ነበር።